እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ፤ ከደረስጌ እስከ ጨለቆት

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ የላስታን ተራሮች ወደ ሰሜን ትቶ በዋድላ ደጋ ላይ ሲጓዝ ኮን ከተባለችው ከተማ ይደርሳል። ይህ ነፋስ የማይለየው ሜዳማ ደጋ በ1860 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ጉዞዎችን አይቷል። በመጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራላቸውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፣ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እየፈነቀሉና መንገዱን እያስጠረጉ፣ ከቤተ ሖር ወደ ዠጣ ገደል ወርደው፣ እንደገና ወደ ደላንታ ወጥተው፣ በበሽሎ በኩል ወደ መቅደላ አለፉ። ቀጥሎም የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ጠረፍ ተነሥቶ በትግሬና በላስታ በኩል መጣና በዚሁ ደጋ ላይ ሰፍሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያስጠረጉትን መንገድ ተከትሎ ወረደ። እነዚህን ሁለት ጉዞዎች የታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ጽፈዋቸዋል። ሦስተኛውን ግን በአንድና በሁለት መስመር ያልፉታል። እርሱም መቅደላ ከወደቀ በኋላ አንዲት የታመሙ ወጣት ንግሥት አንድ ልጃቸውን ይዘው፣ ባላቸውን ከገደለው ጦርነት ባለድሎች ጋር፣ ወደ ሰሜን የተመለሱበት ጉዞ ነው።

እኚህ ንግሥት የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሁለተኛ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት የነበሩት እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። ስማቸው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከአባታቸው፣ ከባላቸው ወይም ከልጃቸው ጋር ተያይዞ ነው። የውጭ አገር ጸሐፊዎችማ ስማቸውን እንኳ በአንድ ቃል አልያዙትም፤ አንዳንዶቹ ጥሩወርቅ ሲሏቸው ሌሎቹ ጥሩነሽ ይሏቸዋል። ይሁን እንጂ አገሩን ሁሉ ያስገበረውን ያን ኃይለኛ ንጉሥ በገዛ እልፍኙ ውስጥ እምቢ ያለ ሰው ቢፈለግ፣ ከእርሳቸው ይልቅ የሚጠቀስ አይገኝም። ይህ እምቢታ ከምን እንደ ተወለደ ለመረዳት ከልጅነታቸው መጀመር ያስፈልጋል።

ደጃዝማች ውቤ በዘመነ መሳፍንት ከነበሩት ገዥዎች ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነበሩ። የአባታቸውን የደጃዝማች ኃይለ ማርያምን ግዛት ሰሜንን ከያዙ በኋላ፣ በ1823 ዓ.ም. የትግሬው ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ሲወድቁ ቀስ በቀስ ትግሬንም ጠቅልለው ገዙ። በምጽዋ በኩል ጠመንጃ ያስገቡ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግብጽ ልከው አቡነ ሰላማን አስመጡ። በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከራስ ዓሊ ጋር ተዋግተው ድል ካደረጉ በኋላ፣ በድሉ ደስታ ላይ እንዳሉ መልሰው መማረካቸው እስከ ዛሬ እንደ ተረት የሚወራ ነው። ከዚያም በእርቅ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። ስለሆነም ደጃዝማች ውቤ በደግነታቸው የታወቁ ገዥ ነበሩ ለማለት አይቻልም። በትግሬ ውስጥ የጭካኔ ግብር ሰብስበዋል፤ ተቀናቃኞቻቸውን በአምባ ላይ በእግር ብረት አኑረዋል። ልጃቸው ያደገችው ሌሎች ሰዎች ታስረው በሚማቅቁበት ዘመን፣ ከአሳሪዎቹ ወገን ሆና ነው። ይህን መርሳት ታሪኩን ያጎድለዋል።

ወይዘሮ ላቂያዬ የወለዷት ጥሩወርቅ ዳዊት ተምራለች። የመሳፍንት ሴት ልጆች ማንበብ መማራቸው በዚያ ዘመን ብርቅ ባይሆንም፣ የሁሉም ዕድል አልነበረም። ለወንዱ ልጅ ፈረስና ጦር ነበረለት፤ ለሴቲቱ ግን መጽሐፍ ከእልፍኝ ሳይወጡ የሚያዝ ብቸኛው መሣሪያ ነበር። ጥሩወርቅ ይህን መሣሪያ በኋላ እንዴት እንደ ተጠቀመችበት እናያለን።

በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ከቋራ የተነሣው ካሳ ኃይሉ ጎጃምን፣ ራስ ዓሊንና ሌሎቹን መሳፍንት በየተራ አሸንፎ በመጨረሻ ወደ ሰሜን ወጣ። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ላይ ተዋግተው ተማረኩ፤ በሰሜን ተራሮች ላይ ያከማቹት ሀብትና ጠመንጃም በድል አድራጊው እጅ ገባ። በደረስጌ ያሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን የራሳቸውን ዘውድ ሊጭኑበት ያዘጋጁት ነው ይባላል። ጦርነቱ ካለቀ ሁለት ቀን ብቻ እንዳለፈ ካሳ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ቅባቱን የቀቡት ደጃዝማች ውቤ ገንዘባቸውን አውጥተው ከግብጽ ያስመጧቸው ጳጳስ አቡነ ሰላማ ነበሩ። አቡኑ ከአንድ ዓመት በፊት ከካሳ ጋር ተስማምተው ነበርና፣ ለሮማ ካቶሊክ ሰባኪዎች ፊት ያሳዩትን ውቤን ለመተው ምክንያት አላጡም። በአባቷ ቤተ ክርስቲያን፣ በአባቷ ጳጳስ እጅ፣ የአባቷ ጠላት ሲነግሥ ማየት ለአንዲት ልጃገረድ ምን እንደሚመስል ለመገመት ብዙ ማሰላሰል አያስፈልግም። ዓለም በአንድ ሳምንት ውስጥ ልትገለበጥ እንደምትችል የተማረችው በዚያ ጊዜ ነው። ጳጳስም ሆነ ጦር ባለሟልነቱ ለጊዜው እንደ ሆነ፣ ሰው ይዞት የሚቆየው ሌላ ምንም ነገር እንደሌለ ያወቀችው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።

አባቷና ወንድሞቿ በብረት ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አዲሱ መንግሥት ምን መልክ እንደ ነበረው በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። አፄ ቴዎድሮስ የተበታተነውን አገር አንድ ለማድረግ፣ ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ለመከልከል፣ የባሪያ ንግድን ለማስቀረትና መሣሪያ በአገር ውስጥ ለማሠራት ያሰቡ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሐሳባቸው ሁሉ በኃይል የሚፈጸም በመሆኑ፣ እምቢ ያለ ሁሉ ከነዘመዱ ይቀጣ ነበር። የዋጉ ዋግሹም ገብረ መድኅን ተገደሉ። የሸዋው ልጅ ምኒልክ በመቅደላ ታገተ። የወሎ ባላባቶች ልጆች በዚያው አምባ ላይ መያዣ ሆነው ተቀመጡ። የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ጎበዜ ሸፈተና ዋግንና ላስታን ይዞ እስከ መጨረሻው አልገባም አለ። ምኒልክ ከአምባው አምልጦ በ1857 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሸዋ ተመለሰ፤ ስለ እርሱ ማምለጥም የወርቂቱ ልጅ አመዴና ሌሎች የወሎ መያዣዎች ከገደል ተወረወሩ። እንግዲህ በጭቆና ውስጥ ያደገ ወንድ ልጅ የሚጠብቀው ዕድል ይህ ነው፤ ወይ ይሸፍታል፣ ወይ ያመልጣል፣ ወይ ይገደላል። ለሴት ልጅ ግን ዱሩም አልተፈቀደላትም። እርሷን የሚጠብቃት ጋብቻ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ የሚያፈቅሯቸው የመጀመሪያ ባለቤታቸው እቴጌ ጣዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። እርሳቸውም የተሸናፊ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ራስ ዓሊ፣ አያታቸው እቴጌ መነን ናቸው። ሆኖም ጣዋበች ከአባታቸው ቤት ይልቅ ባላቸውን መርጠው፣ ባላቸው በሸፈቱባቸው ዓመታት ሁሉ ተከትለዋቸዋል። አፄ ቴዎድሮስ ሁለተኛ ሚስት ሲፈልጉ የጣዋበችን ዓይነት ልብ ያገኙ መስሏቸው ይሆናል። የውቤን ልጅ ማግባት ለመንግሥታቸውም ይጠቅም ነበር። እናታቸው ችግር ላይ በወደቁ ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል እየተባሉ በመሳፍንቱ ዘንድ የሚነቀፉት ንጉሥ፣ ከጥንት ባላባት ቤት በመጋባት ያንን አፍ ሊዘጉ ፈለጉ።

ጥሩወርቅ ግን ለእግዚአብሔር ልትመነኩስ እንደምትሻ አስታውቃ እምቢ አለች። በዚያን ዘመን ለአንዲት ሴት የንጉሥን ትእዛዝ በሕግ ለማምለጥ የምትችልበት በር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ከእርሷ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ወለተ ጴጥሮስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ባሏንና ቤቷን ትታ በዚሁ በር ወጥታለች፤ የንጉሡን የካቶሊክ ሃይማኖት አልቀበልም ብላ በጣና ዙሪያ የራሷን ማኅበር አቋቁማለች። ጥሩወርቅ ያን ያህል አልተሳካላትም። በሩ በፊቷ ተዘጋ። በመጨረሻ እሺ ያለችው አባቷ ከብረት ይፈታሉ፣ ወይም እስራቱ ይቀልላቸዋል በሚል ተስፋ ነው ይባላል። ለጥቂት ጊዜም የቀለለላቸው ይመስላል። የአባትን ሰንሰለት በልጅቱ ሰርግ መግዛት ግን ለማንኛውም ትዳር የሚመች መሠረት አልነበረም።

እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት በዚህ ሁኔታ ነው። ከገቡ በኋላ ያደረጉት እምቢታ ጩኸትም ሴራም አልነበረበትም። በጊዜው ከነበሩት አውሮፓውያን የተላለፈው ወሬ እንደሚተርከው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እልፍኛቸው ሲገቡ እቴጌይቱ ዳዊታቸውን ዘርግተው ይደግሙ ነበር፤ አይነሡም፣ ሰላምታም አይመልሱም፣ ቀናም ብለው አያዩም። ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሡ ስለ ምን እንደማይመልሱላቸው ቢጠይቁ፣ ከእርሳቸው ከሚበልጠው ከንጉሥ ዳዊት ጋር እየተነጋገሩ መሆናቸውን አስታወቋቸው ይባላል። ወሬው በየአፉ ሲዞር ትንሽ ሳይቀባባ አልቀረም ብንል እንኳ፣ ነገሩ ከአገሩ ልማድ ጋር ፈጽሞ የሚስማማ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው እስኪጨርስ ድረስ አይጠራም፣ አይናገርም፣ ለሚመጣውም ለሚሄደውም አይነሣም። ንጉሥም ቢሆን ይህን ሊጥስ አይችልም። ቴዎድሮስም በልጅነታቸው በገዳም የተማሩና መዝሙረ ዳዊትን የሚያውቁ ነበሩ። ስለዚህ እቴጌይቱ የመረጡት ስፍራ የንጉሡ ጦር የማይገባበትን፣ ንጉሡም ራሳቸው የሚያከብሩትን ብቸኛ ምሽግ ነበር። መቶ ሃምሳው መዝሙር ደግሞ አያልቅም፤ ቢያልቅም ከመጀመሪያው ይጀመራል።

እዚህ ላይ የሁለቱን ልጅነት ማነጻጸር ተገቢ ይሆናል። ቴዎድሮስም ያደጉት በግፍ ውስጥ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ርስታቸው በዘመድ ተወሰደ፤ እናታቸው ተቸገሩ፤ ካሳ የተላከበት የጭንቀር ተክለ ሃይማኖት ገዳም በወራሪ ሲጠፋ ለጥቂት እንዳመለጠ ይተረካል። ያ ልጅ ዱር ገብቶ ሠራዊት ሰብስቦ ግፈኞቹን ሁሉ አንበረከከ። ያቺ ልጅ ደግሞ ያ የተገፋው ልጅ ግፈኛ ሆኖ በመጣ ጊዜ አልንበረከክም አለች። ሁለቱም በአንድ ጣራ ሥር ሲገናኙ አንዱ ለሌላው የማይገባው ነገር አልነበረም። የተናቀ ሰው ንቀትን ከሩቅ ያውቀዋል።

የእቴጌይቱ ዝምታ ኩራት ብቻ ነው ብለው የጻፉ አሉ፤ እውነትም ኩራት አለበት። የኃይለ ማርያም ዘር ከቋራ የመጣውን አዲስ ንጉሥ ዝቅ አድርጋ እንዳየች አይካድም፤ የትግሬ ገበሬ በአባቷ ግዛት የደረሰበት ግፍ እንዲህ ያለ ቁጣ እንዳስነሣባት የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ሆኖም ኩራት ብቻ ቢሆን ኖሮ በተመቻቸ ጊዜ በቶሎ ይለሰልስ ነበር። ዘውድ፣ ካባ፣ ወርቅና አልጋ የሚወርስ ወንድ ልጅ እያሏት የማትለዝብ ሴት፣ ከትውልድ ኩራት ሌላ የያዘችው ነገር ሊኖራት ይገባል። ያም የታሰሩት ሰዎች ነገር ነው።

ጊዜውን ልብ ብሎ መቁጠር ይህን ያስረዳል። ልጃቸው ዓለማየሁ የተወለደው ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ እቴጌይቱ ነፍሰ ጡር ሳሉ፣ የደጃዝማች ውቤ ዘመድ የሆነውና ከደረስጌ በኋላ በትግሬ ሸፍቶ የውቤን ወገን ያንቀሳቅስ የነበረው አገው ንጉሤ ተሸንፎ ተያዘና እጅና እግሩ ተቆርጦ ሞተ። የአባት ቤት የመጨረሻ ተስፋ በባል እጅ ሲጠፋ፣ የባል ልጅ በማኅፀን ነበር። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለች ሴት ዳዊቷን አጥፋ ለሰላምታ ብትነሣ ይልቅ የሚያስደንቅ ይሆን ነበር።

የንጉሡም ልብ ከእርሳቸው ራቀ። ደጃዝማች ውቤ እንደገና ጠንክረው ታሰሩ። ቴዎድሮስ የየጁ ተወላጅ የሆኑትን ወይዘሮ ይተመኙን አቅርበው በጦር ሰፈራቸው ይዘው ይዘዋወሩ ጀመር፤ እቴጌይቱ ልጃቸውን ይዘው በመቅደላ ቆዩ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህንን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ ማግባት የማይፈልጉትን ያገቡ ሴት፣ ባላቸው በሌላ ስፍራ ቢሆኑ ብዙ ያዝናሉ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

የመቅደላ አምባ በነዚያ ዓመታት ግምጃ ቤትም፣ መድፍ ቤትም፣ ወህኒ ቤትም ነበር። በአንድ ወገን ከጎንደርና ከየአገሩ የተሰበሰቡት የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ነበሩ፤ ጎንደር ራሷ በ1859 ዓ.ም. ተዘርፋ ተቃጥላለች። በሌላው ወገን በብረት የታሰሩ መሳፍንት ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የንግሥቲቱ ወንድሞች የደጃዝማች ውቤ ልጆች ይገኛሉ። ከ1858 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም፣ ዶክተር ሄንሪ ብላንክና ሌሎችም አውሮፓውያን ወደዚያ መጡ። አቡነ ሰላማም ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ታስረዋል። ደረስጌ ላይ ዘውዱን የጫኑት ጳጳስ፣ ዘውዱ የተጫነላቸው ንጉሥ ባሰሯቸው አምባ ላይ፣ የተሸናፊው ልጅ በንግሥትነት ስትቀመጥ አዩ። ሁለቱ የዕድሜ ታላላቆች፣ ደጃዝማች ውቤና አቡነ ሰላማ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት ውስጥ በእስር እንዳሉ ሞቱ፤ ውቤ በ1859 ዓ.ም. ገደማ፣ አቡኑ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት። ጥሩወርቅ ስለ አባቷ እስራት ብላ የገባችበት ጋብቻ አባቷን አላዳነም።

አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከተነሡ በኋላ አምስት ወር ያህል ተጉዘው፣ በዋድላና በደላንታ በኩል መድፉን አስጎትተው መቅደላ የገቡት በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በዝርዝር የታወቀ ነው፤ እኛም በአጭሩ እናልፈዋለን። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ ጦራቸው እሮጌ ላይ በናፒየር ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ አምባው ሲወረር ራሳቸውን ገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከእቴጌይቱ ጋር ታርቀው ስለ ዓለማየሁ አደራ እንደ ተናገሯቸው ይነገራል። ይህ እርቅ ሲወርድ እቴጌይቱ ምን እንዳሰቡ የሚነግረን የለም። ባላቸው ያን ጊዜ ብቻቸውን የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ለሚያዝ ጥል ደግሞ ሁለት ኃይለኛ ያስፈልጋል።

አምባው ሲወድቅ ወታደሩ ለዝርፊያ ተሰማራ። ሁለቱ ሴቶች፣ እቴጌ ጥሩወርቅና ወይዘሮ ይተመኙ፣ በራሳም ጥበቃ ሥር እርሱ ታስሮ በኖረበት ቤት ተጠለሉ። ለዓመታት ተፎካካሪ ናቸው የተባሉት በአንድ ጣራ ሥር ሆነው የንጉሡን ሬሳ ዜና ሰሙ። ሚያዝያ 10 ቀን መቅደላ ተቃጠለች። የታሰሩት ሁሉ ተፈትተው ነበርና እያንዳንዱ ወደ የአገሩ አቀና። እቴጌይቱም ወደ አባታቸው አገር ወደ ሰሜን ለመመለስ ፈልገው፣ ከሚመለሰው ጦር ጋር ተጓዙ።

በሽሎን ተሻግረው፣ ደላንታን አልፈው፣ ዠጣን ወርደው ወጥተው፣ የዋድላን ደጋ አቋርጠው ወደ ተከዜ ምንጭና ወደ ላስታ ተራሮች የሄዱት በዚህ ጊዜ ነው። የሳንባ በሽታ ይዟቸው ነበር፤ ለእንደዚህ ያለ ሕመምተኛ የደጋው ብርድና የገደሉ ቁልቁለትና ዳገት የሚሆን መንገድ አልነበረም። ዓለማየሁ ሰባት ዓመት የሞላው በዚሁ ጉዞ ላይ ነው። አገሩ ያን ጊዜ በዋግሹም ጎበዜ ሰዎች እጅ ነበር፤ ጎበዜም ጥቂት ቆይቶ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሧል። አባቱን በቴዎድሮስ ያጣው ሽፍታ ንጉሥ ለመሆን ሲዘጋጅ፣ አባቷን በቴዎድሮስ ያጣችው ንግሥት በግዛቱ ላይ እየሳለች ታልፍ ነበር።

ሰሜን አልደረሱም። ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. በእንደርታ፣ በሕንጣሎ አቅራቢያ፣ ጦሩ በሰፈረበት ሞቱ። ገና ወጣት ነበሩ። አስከሬናቸው በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ጨለቆት የራስ ወልደ ሥላሴ ደብር ነው፤ ትግሬም አባታቸው በጦር የያዙት፣ በደረስጌም ያጡት አገር ነው።

ልጁ እናቱ ከሞቱ በኋላ ለካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ ለተባለው ሰው፣ ተሰጥቶ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ክረምት ንግሥት ቪክቶሪያ በኦዝቦርን ተቀበሉት። በራግቢ ትምህርት ቤትና በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በሊድዝ ከተማ ልክ እንደ እናቱ በሳንባ ሕመም ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ የልጅ ልጃቸውን ደኅንነት ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ልከው ነበር። ባላቸውንና ልጃቸውን የቀበሩ ሴት ያን አንድ ልጅ በደብዳቤ ብቻ ፈለጉት።

ከውቤ ወንድም ከደጃዝማች ብጡል የተወለዱት ጣይቱ የጥሩወርቅ የአጎት ልጅ ነበሩ። እርሳቸውም በዚያው ቤት ውድቀት ውስጥ አድገው ግዕዝና አማርኛ ተምረዋል፤ እርሳቸውም ቃላቸውን በማይለውጥ ጠባያቸው ታወቁ። ዳሩ ግን በ1875 ዓ.ም. ያገቡት ንጉሥ ምክር የሚሰሙ ነበሩና፣ የጣይቱ እምቢታ በእልፍኝ ውስጥ ተዘግቶ አልቀረም፤ በውጫሌ ውል ጉዳይ ከጣልያን መልእክተኛ ፊት ቆመ፣ በ1888 ዓ.ም. መቀሌና ዓድዋ ደረሰ። ሁለቱ የአጎት ልጆች በጠባይ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የተባለ ቀሚስና ጌጣጌጥ ከመቅደላ ምርኮ ጋር ወደ ለንደን ሄዶ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። የመቅደላ ዘመቻ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ በ2010 ዓ.ም. ለሕዝብ ታይቷል። በቤተ መዘክሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ስም ጥሩነሽ የሚል ነው።